ለኃላፊነት የታጨሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ፋይልሽን አሳዪኝ

ጅማ ውስጥ በአንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ መምህርም አይደለሁም። ዲን ሲሾም የሹመት ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሲነሣም የምስጋና ደብዳቤውን የምጽፈው እኔው ነኝ። ከትምህርት ክፍል ጉባኤ እስከ አካዳሚክ ኮሚሽን በጠረጴዛው ጥግ ተቀምጬ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ሳይናገር እንደ ወጣ፣ የማን ሐሳብ በማን ስም እንደ ተያዘ ስጽፍ ኖሬአለሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ጡረታዬ ቀርቧል፤ ከማንም ጋር መጣላት አልፈልግም።

ይህን የምጽፈው በሕክምና፣ በላቦራቶሪ ሳይንስ፣ በፋርማሲ፣ በኅብረተሰብ ጤና፣ በባዮሎጂም ሆነ በኬሚስትሪ ለምታስተምሪ፣ «ለኃላፊነት ታስበሻል» የሚል ወሬ ለደረሰሽ ወይም አንድ ቀን ይደርሰኛል ብለሽ ለምትጠብቂ ሴት ነው። የሴቶች ቀን ሲከበር ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ በራስ ስለ መተማመን ሥልጠና ይሰጣል። እኔ በዚያ አልገባም። ድፍረት ያነሳቸው ሴት ምሁራን እምብዛም አላየሁም፤ ሰነድ ያነሳቸው ግን በየዓመቱ አያለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በጤናና በማኅበራዊ እንክብካቤ ከተሰማሩት ሠራተኞች 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከከፍተኛ የኃላፊነት ቦታዎች የያዙት ግን 25 በመቶውን ብቻ ነው። ይህን ለማመን ሪፖርቱን ማንበብ አያስፈልግም። ጠዋት በሕሙማን ክፍሎች አለፍ አለፍ በዪና ማን እንደሚሠራ ተመልከቺ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ ወደምቀመጥበት አዳራሽ ነይና ማን እንደሚወስን ተመልከቺ።

ፋይሉ

አንድ ቦክስ ፋይል ግዢ። ኮምፒውተርሽ ውስጥ አለኝ አትበዪ፤ የዕድገት ኮሚቴ የሚመለከተው ማህተም ያለበትን ወረቀት ነው። በፋይሉ ውስጥ የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦ እያንዳንዱ የኮሚቴ ምደባ ደብዳቤ፣ በየሴሚስተሩ የተፈረመበት የሥራ ጫና ቅጽ፣ የተማሪዎችና የባልደረቦች ግምገማ ውጤት፣ የታተሙ ጽሑፎችሽ ከተቀባይነት ደብዳቤያቸው ጋር፣ ያማከርሻቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዝርዝር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ማረጋገጫዎች፣ የወሊድና የሌላም ፈቃድ ደብዳቤዎች። ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ፕሮፌሰር የሚያሻግረው መመዘኛ ማስተማርን፣ ምርምርን፣ ለተቋሙ የተሰጠ አገልግሎትንና ለማኅበረሰቡ የተሠራውን የሚያይ ነው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ማለትም አገልግሎቶቹ፣ ደብዳቤ ከሌላቸው እንዳልተሠሩ ይቆጠራሉ። ሴቶቻችን በብዛት የሚሠሩት ደግሞ እነዚህኑ ነው።

ችግሩ የት እንደሚጀምር ልንገርሽ። ለወንዱ መምህር ሥራ ሲሰጠው ደብዳቤ ይጻፍለታል። ለአንቺ ግን ኮሪደር ላይ «ዶክተር፣ እባክሽ ይህን የፈተና ጉዳይ ብታስተባብሪልን፣ አንቺ ጥንቁቅ ነሽ» ይባልልሻል። ሙገሳ ነው፤ ደስ ይላል። ሁለት ዓመት ታስተባብሪያለሽ። ዕድገት ስትጠይቂ ግን ያመሰገነሽ ኃላፊ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል፤ የተካው ሰው ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር የለም፤ መዝገብ ቤትም ውስጥ ስምሽ የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማንም ስለማይነግርሽ ነው እንጂ። ደብዳቤውን ራስሽ አርቅቂው። ቀን፣ ለማን፣ «ጉዳዩ፦ የፈተና ኮሚቴ አስተባባሪነት ምደባን ይመለከታል»፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ምን ያህል ሰዓት እንደሚታሰብ፣ በመጨረሻም ግልባጭ ለሰው ሀብት አስተዳደርና ለግል ማኅደር። አራት መስመር ይበቃል። ከዚያ ለጸሐፊዋ ስጪና «ኃላፊው ሲገቡ ከሚፈርሟቸው ጋር አስገቢልኝ» በያት። ተጽፎ የቀረበለትን ደብዳቤ አልፈርምም ያለ ኃላፊ በዘመኔ አላየሁም፤ ጻፍልኝ ተብሎ የጻፈ ኃላፊም እንዲሁ አላየሁም። ወጪ ቁጥር ሳይሰጠው ግን ከቢሮ አትውጪ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ነገ «አናውቀውም» ይባላል።

ይህን ስል አንዳንዶቹ «እትዬ፣ እኔ የምመዘነው በምርምሬ ነው» ይሉኛል። ይመዘኑ። ነገር ግን የሚመዝነው ዓይን ምን ያህል ቀጥ ያለ እንደሆነ አንዴ ተፈትሾ ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ክርስቲን ቬነሮስና አግነስ ቮልድ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች የአገራቸው የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ለድኅረ ዶክትሬት አመልካቾች የሰጠውን ነጥብ መርምረው ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ። አንዲት ሴት ከወንዱ እኩል የብቃት ነጥብ ለማግኘት ከእርሱ 2.5 እጥፍ ያህል የበለጠ ውጤት ማሳየት ነበረባት። እኔን የማረከኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ምክር ቤቱ የነጥብ ወረቀቶቹን ምስጢር ናቸው ብሎ ከልክሏቸው ነበር፤ ሴቶቹ በፍርድ ቤት ተከራክረው ይፋዊ ሰነድ መሆናቸውን አስወሰኑ። ሰነዱ ባይወጣ ኖሮ «ሴቶች ደካማ ስለሆኑ ነው» የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይዘልቅ ነበር።

በአሜሪካም እንዲሁ ናንሲ ሆፕኪንስ የተባለች የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ኤም አይ ቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ቦታ ስትከለከል መለኪያ ሜትር ይዛ ሕንፃውን ለካች፤ የወንዶቹን ቦታ ከሴቶቹ ጋር አነጻጸረች። ያንን ተከትሎ የተቋቋመው ኮሚቴ ሥራ በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመው የተቋሙ ሪፖርት ላይ ወጣ፤ ተቋሙም አድልዎ መኖሩን አመነ። አንቺም ለኪ። ስንት ካሬ ሜትር ላቦራቶሪ እንዳለሽ፣ ማቀዝቀዣውን ከስንት ሰው ጋር እንደምትጋሪ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንደምታማክሪ፣ ከእኩዮችሽ ጋር አስተያይተሽ በአንድ ገጽ ጻፊው። በቅሬታ መልክ አይሁን፤ ሠንጠረዥ ይሁን።

ወሊድና የመስክ ሥራ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ክፍያ ጋር የወሊድ ፈቃድ እንዲያገኙ ደንግጓል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ ቀኑን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ብሎ ቆርጦት ነበር። ፈቃዱን የሚከለክል የለም ማለት ይቻላል። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በር ነው። ስትመለሺ ኮርስሽ ለሌላ ተሰጥቷል፤ የምታማክሪያቸው ተማሪዎች «ለጊዜው» ተብለው ወደ ሌላ መምህር ሄደው እዚያው ቀርተዋል፤ በምርምር ፕሮጀክቱም ስምሽ ከሁለተኛ ወደ አምስተኛ ወርዷል።

ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት የፈቃድ ማመልከቻውን ብቻ አታስገቢ። ከእርሱ ጋር አንድ የውክልና ደብዳቤ አስገቢ፦ የትኛውን ኮርስ ማን እንደሚሸፍን፣ የትኞቹን ተማሪዎች ማን እንደሚያማክር፣ እስከ የትኛው ቀን ድረስ እንደሆነና በዚያ ቀን ሥራው ወደ አንቺ እንደሚመለስ። «ይመለሳል» የሚለው ቃል መጻፉን አረጋግጪ። ዕድገት ስትጠይቂም የፈቃድ ደብዳቤውን ከጽሑፎችሽ ዝርዝር ቀጥሎ አስቀምጪው፤ ኮሚቴው «በዚህ ዓመት ምነው ምንም አላሳተመችም?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት መልሱን ያገኘዋል።

አሁን ወደ ጅማ ነገር ልምጣ። እዚህ የጤና ሳይንስ ትምህርት ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዩኒቨርሲቲው ገና የጤና ሳይንስ ተቋም ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ የቆመው ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርት ላይ ነው። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ አጋሮ፣ ሸቤ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። መምህሩም ይከተላቸዋል። ሕፃን ያላት መምህርት እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ ይቀርብላታል፦ ወይ እንደ ማንኛውም ሰው ትወጣለች፣ ወይ «አንቺ ተዪው፣ እኛ እንሸፍናለን» ትባላለች።

ሁለተኛውን አትቀበዪ። ደግነት ይመስላል፤ ከልብም የሚሉት አሉ። ነገር ግን የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ የወረዳ አስተዳዳሪዎች አንድን መምህር የሚያውቁት በመስክ ነው። ዲን ለመሾም ምክክር ሲደረግ «እርሷን እናውቃታለን፣ ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ ተማሪዎቹን ይዛ የመጣችው» የሚል ሰው ሲገኝ ከሦስት የታተመ ጽሑፍ ይበልጣል። ማድረግ ያለብሽ የሴሚስተሩ ምደባ ሳይወጣ ቀድመሽ መጠየቅ ነው፦ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለሱበትን ቅርብ ጣቢያ፣ ለምሳሌ ሰርቦን፤ ዝናቡ ሳይበረታ የሚወጣውን ዙር፤ ጡት የምታጠቢ ከሆነ ሞግዚቷ በተቋሙ መኪና እንድትሳፈር የሚፈቅድ ደብዳቤ። የመጨረሻውን ስጽፍ አንድ የትራንስፖርት ኃላፊ ስቆብኛል። ደብዳቤው ግን ተፈርሟል፤ ሞግዚቷም ተሳፍራለች።

የትኛው ኮሚቴ?

በዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። የእንግዳ አቀባበል፣ የምረቃ ዝግጅት፣ የበዓል ኮሚቴ፦ አንዱን በዓመት አንዴ ያዢ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። የሥርዓተ ጾታ ኮሚቴ ክቡር ሥራ ነው፤ ነገር ግን ብቸኛ ወንበርሽ እርሱ ከሆነ ስምሽ ከእርሱ አይወጣም። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ከተሰጠሽ ሳታመነቺ ውሰጂው፤ በኮሌጁ ውስጥ ማን ምን እንደሚመረምር፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚታወቀው እዚያ ነው። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴና የሥርዓተ ትምህርት ክለሳም እንዲሁ። የግዢ ኮሚቴን ግን ደንቡን ሳታነቢ አትቅረቢ፤ ከኦዲት ጋር ዓመት ሙሉ የተንከራተቱ ንጹሓን አውቃለሁ።

በስብሰባው ሴት አንቺ ብቻ ከሆንሽ «ቃለ ጉባኤውን አንቺ ያዢልን» መባልሽ አይቀርም። ሥራዬ ስለሆነ አልንቀውም። ግን አንድ አባል ቃለ ጉባኤ ስትይዝ አትናገርም፤ እጇ ሥራ ላይ ነው። «በየተራ እንያዘው፣ በፊደል ተራ» በዪ። የአንቺ ተራ እስኪደርስ ቋሚ ጸሐፊ ይመደባል፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሆነው።

ስብሰባ ውስጥ

ከሁሉም በላይ የማውቀው ይህንን ስለሆነ ታግሠሽ አንብቢኝ።

ጉባኤ ላይ የተናገርሽው ሁሉ አይጻፍም። ጸሐፊ የምትጽፈው ውሳኔን ነው፤ ከውሳኔው በፊት የተባለው ብዙ ጊዜ «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ» በሚል አንድ ሐረግ ይታለፋል። ብዙ የሴቶች ሐሳብ በዚያ ሐረግ ውስጥ ተቀብሯል፤ የቀበርኩት እኔው በእጄ ነኝ፤ ሌላ የምጽፈው ነገር አልተሰጠኝማ። ሐሳብሽ እንዲጻፍ ከፈለግሽ በውሳኔ ቅርጽ አምጪው። «ላቦራቶሪያችን ችግር አለበት» ብትዪ ውይይት ነው። «የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ የመጠባበቂያ ጀነሬተር ጥገና እስከ ኅዳር 30 እንዲጠናቀቅ፣ ኃላፊነቱም ለጥገና ክፍል እንዲሰጥ» ብትዪ ግን ውሳኔ ነው፤ የቀረው እጅ ማውጣት ብቻ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ከስብሰባው ቀደም ብለሽ ለሰብሳቢውም ለጸሐፊዋም ስጪ። የጸሐፊዋን እጅ የምታቀልል ሴት ሐሳቧ ቃል በቃል ይገባላታል። አድልዎ ነው ካልሽ፣ አዎ፣ ትንሽ አድልዎ ነው።

የተናገርሽውን ሌላ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞት «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ዶክተር እገሌ» ሲባል ደምሽ ይፈላል። አትቆጪ፤ ዝምም አትበዪ። «ዶክተር ያቀረብኩትን ሐሳብ ስለ ደገፉልኝ አመሰግናለሁ፤ በቃለ ጉባኤው በእኔ አቅራቢነት፣ በእርሳቸው ደጋፊነት ይያዝልን» በዪ። ማንም አይከፋም፤ እኔም በስምሽ እጽፈዋለሁ። በውሳኔ ካልተስማማሽ ደግሞ «የልዩነት ሐሳብ ይያዝልኝ» የማለት መብት አለሽ። ይህን መብት አታባክኚው፤ በዓመት አንዴ የተያዘ የልዩነት ሐሳብ ይነበባል፣ በየሳምንቱ የተያዘ ግን ማንም አያነበውም።

ቀጣዩ ስብሰባ የሚጀምረው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማጽደቅ ነው። በዚህ ሰዓት ሁሉም ስልኩን ይነካካል። አንቺ ግን አንብቢው። ሰው ሳይፈርምበት ማረም ቀላል ነው፤ ከተፈረመ በኋላ ግን ለማረም ሌላ ስብሰባ ይጠይቃል።

ስለ ሌላው ስብሰባም ልናገር፤ ሁላችንም እያወቅን የማንናገረውን። በጅማ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ የሚያልቀው ቢሮ ውስጥ ብቻ አይደለም። ጫት ዘርግተው በሚቀመጡበት፣ ቡና በሚጠጡበት፣ ከሥራ በኋላ በሚሰባሰቡበት ቦታ ሁሉ ያልቃል፤ ጠዋት ወደ አዳራሹ የሚመጣው የተቀቀለ ነገር ነው። እዚያ ካልተቀመጥኩ አልሾምም ብለሽ አታስቢ፤ ሄደሽ ብትቀመጪም የሚሰጥሽ ወሬ ነው። የሚያዋጣው ከስብሰባው በፊት አባላቱን አንድ በአንድ፣ ጠዋት፣ በየቢሯቸው ማነጋገር ነው። ቡናው ሲመጣ ሦስት ደቂቃ ይበቃሻል፦ «ነገ ይህን አቀርባለሁ፤ ምን የሚያሳስብዎ ነገር አለ?» የሚያሳስበውን አስቀድሞ የነገረሽ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አይቃወምሽም። ቢያንስ እኔ በያዝኩት መዝገብ ውስጥ እምብዛም አልተገኘም። ተስማምተው የመጡበት ጉዳይ ከተገለጠልሽ ደግሞ ሰብሳቢውን በትሕትና «ይህ በየትኛው ስብሰባ ተወስኖ ነው? ቃለ ጉባኤው ይነበብልን» ብለሽ ጠይቂ። ጥያቄው ራሱ ሥራውን ይሠራል።

ሹመቱ ሲመጣ

ለትምህርት ክፍል ኃላፊነት ምርጫው በባልደረቦች ዘንድ ይጀምራል፤ ወደ ላይ ስትወጪ፣ ለዲንነትና ለምክትል ፕሬዚዳንትነት፣ ማስታወቂያ፣ ውድድር፣ የዕቅድ ገለጻ ይመጣል። ዕቅድሽን በሁለት ገጽ አድርጊው፤ ሃያ ገጽ የሚያቀርቡትን መርማሪዎቹ ሲገልጡ አይቻለሁ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ነው። ከተማዋ ብዙ ቋንቋ የሚሰማባት ናት፤ ከዞኑና ከወረዳዎቹ ጋር የሚሠራ ሰው በአፋን ኦሮሞ ቢያንስ ሰላምታውን ሰጥቶ ጉዳዩን ማስረዳት ይገባዋል። የማትችዪ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ባልደረባሽን አስተምረኝ ማለት ነውር የለውም።

አሁን ዋናውን ልበል። «በተጠባባቂነት» የሚል ሹመት ሲመጣ ተጠንቀቂ። ሴቶቻችን ወደ ኃላፊነት ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ነው የሚገቡት፦ ያለፈው ሰው ሄዷል፣ ኮሌጁ ችግር ላይ ነው፣ በጀቱ አልቋል፣ ተማሪዎቹ ተቆጥተዋል፣ «አንቺ ታረጋጊናለሽ» ይባላል። ታረጋጊያለሽ። ከተረጋጋ በኋላ ቋሚው ሹም ይመጣል። ተጠባባቂነትን አትቀበዪ አልልም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ በር የለም። ደብዳቤው ላይ ግን ሦስት ነገር ይኑር፦ የሚያበቃበት ቀን፣ በበጀት ላይ የመፈረም ሥልጣን፣ የኃላፊነት አበል። ሦስቱም ከሌሉ «በሦስቱ ላይ ማብራሪያ እስኪሰጠኝ ሥራውን በነበረበት አስቀጥላለሁ» ብለሽ በጽሑፍ መልሺ። እምቢታ አይደለም፤ በመዝገብ ግን ይቆያል።

ርክክቡን ያለ ሰነድ አትውሰጂ። ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ፣ ያልተቋጨ የዲሲፕሊን ጉዳይ፣ ያልተመለሰ መሣሪያ፣ ሁሉም ተቆጥሮ ይፈረም። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ማይክሮስኮፕ በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ቅጹ፣ በማን ስም እንደ ወጣ እዪ፤ ጡረታ በወጣ ሰው ስም የተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ አንቺ ነው።

በዚህ መንገድ ያለፉትን እንይ ካልሽ ቅርብ ያሉ አሉ። ዶክተር ሊያ ታደሰ ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር ሆነው የሠሩ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ናቸው፤ ሕክምናን የተማሩት እዚሁ ጅማ ነው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅም በኃላፊነት ሠርተዋል። ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው በሕክምናው ላይ የጤና አስተዳደርንም መማራቸውን ነው። ፕሮፌሰር ያለምጸሐይ መኮንን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ሆነዋል። የእጽዋት በሽታ ተመራማሪዋ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ከ2013 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርተዋል። የሦስቱም መንገድ የተለያየ ነው። አንዷ በሆስፒታል አስተዳደር፣ አንዷ በማስተማርና በምርምር፣ አንዷ በዓለም አቀፍ ተቋም። የትኛው የአንቺ እንደሆነ ሳትወስኚ ሁሉንም ኮሚቴ አትያዢ።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ሐኪም ከሆንሽ በሳምንት አንድ ቀን ለሕሙማን፣ ተመራማሪ ከሆንሽ አንድ ቀን ለላቦራቶሪ ይቀመጥ፤ በጸሐፊሽ መዝገብ ላይ «ስብሰባ» ተብሎ ይጻፍ። «ምርምር» ተብሎ ከተጻፈ ያፈርሱታል፤ ስብሰባን ግን ሁሉም ያከብራል። ከተማሪ ወይም ከሠራተኛ የትንኮሳ አቤቱታ ሲመጣልሽ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ ሴት ስለሆንሽ ብዙዎች ወደ አንቺ ይመጣሉ፣ ውጤቱን ቃል አትግቢ። በጽሑፍ ተቀበዪ፣ ቀኑን ጻፊበት፣ ግልባጩን ለአቤቱታ አቅራቢዋ ስጪ፣ ወደሚመለከተው ክፍል በደብዳቤ ምሪ፣ መልሱን ተከታተዪ። ከአማላጅ ጋር ሻይ አትጠጪ።

ረዳት ምሩቅ ስትቀጥሪም በራስሽ አትተማመኚ። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረገ ጥናት አንድ ዓይነት ማመልከቻ ለሳይንስ መምህራን ተሰጥቶ ነበር፤ ልዩነቱ በአንዱ ላይ የወንድ፣ በሌላው ላይ የሴት ስም መጻፉ ብቻ ነበር። ወንዱ የተሻለ ብቁ ተባለ፤ ከፍ ያለ ደመወዝም ታሰበለት። ሴቶቹ መምህራንም እንደ ወንዶቹ ነበር የፈረዱት። ስለዚህ የነጥብ አሰጣጡን ማመልከቻዎቹ ከመከፈታቸው በፊት ጽፋችሁ ፈርሙበት፤ ለሴቶች የሚሰጠውን የድጋፍ ርምጃም በዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ኋላ «ተጨመረላት» እንዳይባል።

ገንዘብ ያልታሰረበት ዕቅድ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እንግሊዞች በ2005 እ.ኤ.አ. አቴና ስዋን የተባለ፣ ሴቶችን በሳይንስ የሚያበረታቱ ተቋማት ሽልማት የሚያገኙበት ቻርተር አቋቁመው ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን ዋና የሕክምና ኃላፊዋ ሳሊ ዴቪስ ለትልቅ የምርምር ገንዘብ የሚወዳደሩ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የዚህን ሽልማት፣ ከነሐስ ቀጥሎ ያለውን፣ የብር ደረጃ መያዝ እንዳለባቸው አስታወቁ፤ ያኔ ሁሉም ለማመልከት ተሯሯጡ። ግዴታው በ2020 እ.ኤ.አ. ተነሥቷል። አንቺም ዲን ስትሆኚ በኮሌጁ የምርምር ድጋፍ መመሪያ ውስጥ አንድ መስመር ማስገባት ትችያለሽ፦ ሴት ተባባሪ ተመራማሪ የሌለበት ፕሮጀክት ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ። እኔ እንዲህ ያለ መስመር ጽፌ አይቻለሁ፤ በሚቀጥለው ዙር የመጡት ማመልከቻዎች ላይ የሴቶች ስም ነበረበት። አንዳንዶቹ ስማቸው መግባቱን እንኳ አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ የእያንዳንዷ የስምምነት ፊርማ ይያያዝ የሚል ሁለተኛ መስመር ተጨመረ።

ስትለቂ ደግሞ፣ ዘመንሽ አልቆም ይሁን ተነሥተሽ፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሁለት ደብዳቤ አስጽፊ፤ አንዱ ርክክቡ፣ ሌላው የሥራ ልምድ ማስረጃሽ። ሁለተኛውን «በኋላ እወስደዋለሁ» ብለሽ አትሂጂ። የሚፈርመው ሰው ይቀየራል፣ አዲሱ ደግሞ «ከፋይልሽ ላይ አጣርተን» ይልሻል። ረቂቁን አንቺ አምጪው፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ኃላፊነት፣ ስንት መምህራንና ተማሪዎች በሥርሽ እንደ ነበሩ። እኔ ዕለቱን ወጪ ቁጥር እሰጥልሻለሁ፤ እኔ ከሌለሁም የምትተካኝ ልጅ ታውቃለች፣ አሳይቻታለሁ።